የዱር አሣ ዋጋ

ባሕሩን ያገኘው ቢንያም ነው።

ያ የሁለት ሺህ ሦስቱ የማርች በረዶ ቆሞ፣ የመንገድ መጥረጊያ መኪኖች በመጨረሻ እኛ ሰፈር ብቅ ያሉት ሐሙስ ጠዋት ነበር። ቢንያም የአሣ መጋዘኑን በር ለመክፈት ብቻ እስከ ወገቡ የተቆለለ በረዶ ሲዝቅ አረፈደ። ገብቶ መብራት አበራ። ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ሲጠጋ የበሩ ብረት ከውጭ ተሰክቷል። ማን ሰካው እያለ ነቀለው።

ባሕሩ በአሣ ሣጥኖቹ መሃል ተቀምጧል፤ ጉልበቱን አቅፎ፣ ጃኬቱን ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ። ከጆሮው በላይ ደም ደርቋል። ሞባይሉ እጁ ውስጥ ነው፤ ባትሪው አልቋል። ቢንያም «ሞቷል!» ብሎ ጮኸ። የአምቡላንስ ሰዎች መጥተው አንገቱን ዳሰሱና «ገና ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ገና ነው» የሚባል ነገር አልወድም።

እኔ ዘሪቱ ነኝ። ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከሎውሪ ሰፈር ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ አፓርትመንት የባሕሩ ጎረቤት ነኝ። ግድግዳችን ከመሳሳቱ የተነሣ እነሱ ቤት ሲያስነጥሱ እኔ «ይማርህ» እላለሁ። ባሕሩ፣ ሚስቱ ውድነሽና ታናሽ ወንድሙ ሀብቱ አብረው ይኖራሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚሠሩት አንድ ቦታ ነው፦ ከአውሮፓ በአውሮፕላን አሣ እያስመጣ ለትልልቅ ሬስቶራንቶች የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ። ባሕሩ ይገዛል፣ ሀብቱ በመኪና ያደርሳል። ቢንያም ሣጥን ይከፍታል፣ ያጸዳል። ባለቤቱ ዌይን የሚባል ሐበሻ ነው። አዎ፣ ዌይን። አገርህ የት ነው ቢሉት አፓርትመንቱ ያለበትን ሰፈር ጠርቶ «ግሌንዴል» ይላል።

ሆስፒታል የደረስነው እኔና ውድነሽ ነን፤ ሀብቱ ከኋላችን እየሮጠ መጣ። ባሕሩ ከተኛበት ክፍል በር ላይ ደርሶ እጀታውን ሲይዝ፣ ካፖርቱ ላይ በረዶ ያልቀለጠለት አንድ ወጣት ሐበሻ ከፊቱ ቆመ።

«ሀብቱ ማለት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አሳልፈኝ፣ ወንድሜ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሬስት አድርጌዎታለሁ።»

ተገኝ ነበር። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የኛ ልጅ መርማሪ ፖሊስ ሆነ ተብሎ የተጨበጨበለት ነው። በሕፃንነቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ከወጥ ቤት በላይ አላሳደገውም። ትልቅ ሰው ይከበራል ሲሉት ነገሩን ጨርሶ ያዘና ለሁሉም እርስዎ ይላል። በእንዲህ ያለ ጨዋነት ሰው ሲታሰር ያኔ ነው ያየሁት።

«ምን አደረገ ብለህ ነው?» አለች ውድነሽ።

«ትናንት ባሕሩ ናይን ዋን ዋን ደውሎ ነበር። በአማርኛ ነው ያወራው፤ ኦፕሬተሯ አልገባትም፤ የት እንዳለም ሳይታወቅ ስልኩ ጠፋ። ዛሬ ቴፑን እኔ ሰማሁት።» ተገኝ ወደ መሬት አየ። «ብራዘሬ ቆለፈብኝ ነው የሚለው። ስሙንም ጠርቷል። ሀብቱ ብሏል።»

ሀብቱ ሊከራከር የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ እጆቹን ራሱ ዘረጋለት። በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት እንኳ ወደ ውስጥ ሳያይ ወሰዱት።

ዶክተሩ ማታ ውድነሽን ቁጭ አድርጎ ነገራት። የሚተነፍስለት ማሽኑ ነው፤ ጭንቅላቱም ኩላሊቱም ተጎድቷል። እስከ ሰኞ እንጠብቃለን፤ ለውጥ ከሌለ ማሽኑ እንዲነቀል ትፈርሚያለሽ አላት።

«ወንድሙ ሳይኖር አልፈርምም» አለች። «ከሱ ሌላ ሥጋ የለውም። ሀብቱ ሳይሰናበተው አይሄድም።»

«ቆለፈበት የተባለው እኮ እሱ ነው» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ዘሪቱዬ፣ ሀብቱ ሲታመም በማንኪያ ያጎረሰው ባሕሩ ነው። አንቺስ ታምኛለሽ?»

ሟች ሊሆን ያለ ሰው በገዛ ድምፁ ተናግሯል እየተባለ ምን ይባላል?

ዓርብ ዕለት ተገኝ የኔን በር አንኳኳ። የልጄ ልጅ ሲና ነበረች የከፈተችለት፤ አራት ዓመቷ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ስምዎ ማን ነው?» አላት።

ሲና ዘወር ብላ የምታወራው ሰው ከኋላዋ ቆሞ እንደሆነ አየች። ከዚያ «አይም ፎር» አለችው።

«ግባ፣ ግባ» አልኩት። «እሷን እርስዎ ካልክ እኔን ምን ልትለኝ ነው?»

ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ ግን ያልተኛ ሰው ፊት ነው። ተቀመጠና «እትዬ ዘሪቱ፣ ልጁ የለችም?» አለኝ።

«የማን ልጅ?»

«የእርስዎ። የዚህች እናት።»

«እሱማ ልጅዎ ነው የሚባለው። ልጁ ካልክ የሌላ ሰው ልጅ አደረግካት።»

«ልጅዎ፣ ልጁ… ያው አይደል?» አለና እጁን አወናጨፈ። «ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። እሺ፣ ማክሰኞ ማታ ግድግዳ አልፎ የሰሙት ነገር አለ?»

ነበረ። ብዋሽ ደስ ይለኝ ነበር። «ተጣልተዋል። ባሕሩ ‹የዱር አይደለም! አይደለም!› እያለ ይጮሃል። ሀብቱ ደግሞ ‹ምን አገባህ፣ ዝም በል፣ ቤታችንን ልታፈርስ ነው?› ይለዋል። ብርጭቆ ተሰበረ።»

«ዱር? ጫካ?»

«እኔም የአውሬ ሥጋ መስሎኝ በዚህ በሁዳዴ ብዬ አማትቤ ነበር። ለካ ስለ አሣ ነው። ባሕሩ ሲ ብሪም የሚሉትን አሣ በሁለት ይከፍለዋል። በጀልባ ከባሕር የተያዘው የዱር ነው። ውኃ ውስጥ በመረብ ታጥሮ እየተቀለበ የሚያድገው ደግሞ የጉረኖ።»

«ታዲያ ለዚህ ወንድም ወንድሙን ይገድላል?»

«እኔ ነኝ መርማሪው?»

ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ «ያ ልጅ አልካደም፤ ይኼ ነው ያስቸገረኝ» አለ። «የሠራ ሰው ይክዳል። ያልሠራም ይክዳል። እሱ ዝም ብሎ ያለቅሳል።»

«ቴፑን አሰማኝ።»

«ኤቪደንስ ነው። አይቻልም።»

ቅዳሜ ሀብቱን ለመጠየቅ እስር ቤት ሄድኩ። በመስታወት ማዶ ስልኩን አነሣና መጀመሪያ የጠየቀኝ «ዐይኑን ገለጠ?» ብሎ ነው።

«አልገለጠም። አንተ ምን ተፈጠረ? ንገረኝ።»

«ረቡዕ ወደ መጋዘኑ በእግራችን ሄድን። በረዶው ጣሪያውን እንዳይጥለው፣ መብራትም እንዳይጠፋ ባሕሩ ሰግቶ ነው። እዚያም ተጣላን። ባሕሩ ሰሞኑን የሚገቡት ሣጥኖች የዱር የሚል ተለጥፎባቸው የጉረኖ ናቸው ይላል። ማዶ ያሉት ነጋዴዎች አታለውን ይሆናል አልኩት፤ አንተ ምን አስጨነቀህ አልኩት። ለሬስቶራንቶቹ እነግራለሁ አለ። እትዬ፣ ያደረስኩት እኮ እኔ ነኝ! ፈርሜ ያስረከብኩት እኔ። ማንን ይይዛሉ? ትቼው ወጣሁ።»

«ሲወጣ የት ነበር?» ብዬ ራሴን አረምኩ፤ የተገኝ በሽታ ተጋብቶብኛል። «ስትወጣ የት ነበር?»

«ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ሣጥን ሲያይ።»

«በሩንስ?»

ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ እጁን አየው። መልሶ ጆሮው ላይ አደረገው። «ሁልጊዜ ከዚያ ክፍል ስወጣ በሩን ገፍቼ ብረቱን እሰካለሁ። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ። እጄ ራሱ ነው የሚሠራው፣ እኔ አላዘውም። ረቡዕ ተናድጃለሁ፤ ምኑም ትዝ አይለኝም።»

«የጭንቅላቱስ ቁስል?»

«በጨለማ በሩን ፍለጋ ሲደናበር ወድቆ ይሆናል።» ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደገፈው። «ማታ አለመምጣቱን አይቻለሁ፤ አኩርፎ ነው፣ እዚያው ይደር አልኩ። እትዬ ዘሪቱ፣ ባሕሩ ዋሽቶ አያውቅም። ሀብቱ ቆለፈብኝ ካለ ቆልፌበታለሁ። ሰኞ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ እፈርምላቸዋለሁ።»

«አብደሃል? ይፈርዱብሃል፣ ከዚያ ከአገር ያባርሩሃል!»

«የት ብሄድ ነው እሱን የማልሰማው?»

ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። መኪናዬን ያቆምኩት ለሌላ ሰው በተከለለ ቦታ ነበር፤ የአፓርትመንታችን አስተዳዳሪ ወረቀት ለጥፋ ጠበቀችኝ። እሷንም ሰደብኳት፤ በሁዳዴ።

ተገኝ በነዚያ ቀናት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ያልነበርኩበትን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። በመጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው ቢንያም ላይ ነው፤ ቢንያም አምቡላንሱ ከመውጣቱ የማቀዝቀዣውን ወለል በበረኪና አጥቦ አድርቆት ነበርና።

«ደሙን ለምን አጠቡት?» አለው።

«ጤና ጥበቃ ቢመጣ ይዘጋናላ!»

«ሰው እየሞተ ስለ ጤና ጥበቃ ያስባሉ?»

ቢንያም ማልቀስ ጀመረ። «እጄ ሥራ ፈልጎ ነው ወንድሜ። ምን ላድርግ? መጥረጊያው አጠገቤ ነበር።»

ቁልፍ ስላለው ጭምር ተገኝ አጥብቆ ያዘው። ግን ቢንያም ከማክሰኞ ጀምሮ ሎውሪ ያለው ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ በረዶ ዘግቶበት ነበር፤ ለጸሎት የመጣው ሕዝብ ሁሉ እዚያው አድሮ ውሎ። ፓስተሩን ቢጠይቅ «አዎ ነበረ» አለ። መዘምራኑን ቢጠይቅ «ነበረ፣ ሌሊቱን ሙሉ እያንኮራፋ» አሉ። ለሰው ንጹሕነት ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ዌይን ደግሞ ገና ሳይጠየቅ መልስ ያዘጋጀ ሰው ነበር። ቢሮው ውስጥ ቡና ቀድቶ ሰጠውና በእንግሊዝኛ ተረከለት። ማክሰኞ መንገዱ ሳይዘጋ በትልቁ ጂፑ ኤርፖርት ሄደ። ከፖርቱጋል የመጣ አንድ ሣጥን የዱር ሲ ብሪም ተረከበ። ከዚያ አውሮፕላኑም መንገዱም ተዘጋ፤ እስከ ሐሙስ ከዚያ ሁሉ ሺህ ሰው ጋር ወለል ላይ ተኛ። ሣጥኑንም አሳየው፤ ላዩ ላይ ፖርቱጋል፣ የዱር፣ ዋጋውም ተጽፎ።

«ርካሽ ነው አይደል?» አለው ዌይን ኩራት ብሎ። «ዘንድሮ ፖርቱጋል ወርዷል። ባሕሩ ይህን ቢያይ ደስ ይለው ነበር።»

ተገኝ ኤርፖርት ደወለ። በዚያ ሰሞን ማን ምን እንደተረከበ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ትርምስምሱ ወጥቷል። የዌይን ነገር ሊታመንም ሊካድም አልቻለም። የቀረው ያ ቴፕ ነው፤ ቴፑ ደግሞ ሀብቱን ይላል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ውድነሽ ከሆስፒታል ደወለችልኝ። «ዶክተሩ ነገ ጠዋት አለኝ» አለች። ከዚያ ሌላ አልተናገረችም፤ የማሽኑ ድምፅ ብቻ በስልኩ ይሰማኛል። ቁልፏ እኔ ጋ ነበር፤ ልብስ ልወስድላት ቤቷ ስገባ ተገኝ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«የባሕሩን ነገሮች አንዴ ልይ ብዬ ነው» አለ።

አስገባሁት። ሌላ ሰው የልጁን ስዕል በሚለጥፍበት ፍሪጅ ላይ ባሕሩ የአሣ ዋጋ ለጥፏል። በእርሳስ የሠራው ትልቅ ስዕል ነው፤ ለየአገሩ የየራሱ ቀለም መስመር አለው፤ ስፔን ቀይ፣ ጣሊያን አረንጓዴ፣ ፈረንሣይ ሰማያዊ፣ ግሪክ ቢጫ፣ ፖርቱጋል ወይን ጠጅ። ከሥራቸው ደግሞ የተቆራረጡ መስመሮች።

የውድነሽን ልብስ እያነሣሁ ሳለሁ ተገኝ ከስዕሉ ፊት ቆሞ ቀረ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«የውድነሽ ጣውንት። ‹ጣሊያን ለገና ወጣ፣ ግሪክ ባለበት ቆመ› እያለ ሲያጫውታት እኔ በግድግዳ ማዶ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያልተቆራረጠው የዱሩ ነው፤ የተቆራረጠው የጉረኖው።»

«ወደላይ የሚሄዱት የዱሩ ናቸው?»

«ጀልባ የሚያመጣው ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው ይል ነበር። አገሩ ይለያያል እንጂ የዱሩ አልረከሰም። ጉረኖው ግን በዝቶ በዝቶ ዋጋው ወደቀ።»

ተገኝ ጣቱን ወይን ጠጁ መስመር ላይ አሳረፈ። እየተከተለ ወደ ላይ ወጣ፤ ከፍሪጁ ጫፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። «ዌይን ፖርቱጋል ወርዷል ነው ያለኝ። የሣጥኑ ዋጋ…» ጣቱን አነሣና ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገው። ያረፈው ከተቆራረጡት መስመሮች አንዱ ላይ ነው። ቢጫው። የግሪክ የጉረኖ አሣ።

«እትዬ፣ በዚህ ዋጋ የትም አገር የዱር አሣ የለም።»

«እንግዲያስ አሣው የዱር አይደለም።»

«ከፖርቱጋልም አልመጣም። ማክሰኞ ከአውሮፕላን አልወረደም።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አሣው ካልመጣ ዌይን ኤርፖርት ምን ሊያደርግ ሄደ?»

የያዝኩትን ልብስ ጣልኩት። እሱ ግን ወዲያው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ምን ዋጋ አለው። በአሣ ያታልላል እንበል፤ ስለ አሣ ዋሸ ማለት ሰው ቆለፈ ማለት አይደለም። ባሕሩ በራሱ አፍ ብራዘሬ ብሏል!»

«ተገኝ።»

«አቤት።»

«ነገ ጠዋት አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይፈርማል። አሰማኝ።»

ከዚያ ከካፖርቱ ኪስ ትንሽ የቴፕ መቅረጫ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለስንተኛ ጊዜ እያዳመጠው እንደሚዞር እንጃ፣ ቁልፉ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቋል።

መጀመሪያ የሴትዮዋ እንግሊዝኛ መጣ። ከዚያ ትንፋሽ። ከዚያ ባሕሩ፤ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፦

«ወንድሙ ነው… ወንድሙ ነው የቆለፈብኝ… ሀብቱን… ሀብቱን ጥሩልኝ…»

ጠፋ።

«ሰሙት?» አለ ተገኝ። «ወንድም፣ ቆለፈብኝ፣ ሀብቱ። ከዚያ ጥሩ ይላል፤ ራሱን ሊስት ሲል ነው መሰለኝ። ቬሪ ጉድ ምናምን።»

መቅረጫውን ወደ እኔ ሳብኩት። «ድገመው።»

ደገመው። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ተገኝ፣ አንተ ስለ ወንድምህ ስትናገር ምን ትላለህ?»

«ወንድም የለኝም።»

«ቢኖርህ!»

«ወንድሙ።»

«ወንድሜ! ወንድሜ ነው የሚባለው! ወንድሙ ካልክ የሌላ ሰው ወንድም ነው! ባሕሩ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የገዛ ወንድሙን ‹የሱ ወንድም› አይልም፤ አንተ እንጂ እሱ አማርኛ አልጠፋበትም!»

ተገኝ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ሜ፣ ሙ፣ ሜ፣ ሙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰማው። «ታዲያ ሀብቱን ማለቱ?»

«ጥሩልኝ ነው ያለው! የእንግሊዝኛው ጉድ አይደለም ያ ጥሩ፤ ጥሩ ማለት ጠርታችሁ አምጡልኝ ነው። ሀብቱን አምጡልኝ እያለ ነው የለመናችሁ!»

ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። እኔም አልራራሁለትም፤ አራት ቀን ሙሉ አንድ ልጅ ወንድሜን ገደልኩ ብሎ በሕይወቱ ተቀብሯል።

«የማን ወንድም ነው ታዲያ?» አለ። «የቢንያም? ቢንያም ወንድም የለውም…»

«ስምም ይሆናል። ወንድሙ የሚባል ሰው እዚያ አይሠራም?»

«የለም። አራት ናቸው። ባሕሩ፣ ሀብቱ፣ ቢንያም፣ ዌይን።»

«ዌይን እናቱ ዌይን ብላ አልወለደችውም።»

ተገኝ የዌይንን መንጃ ፈቃድ አይቶ ስሙን የጻፈበትን ካርድ ከኪሱ አወጣ። እንግሊዝኛውን እንደ ፈረንጅ ነው የሚያነበው። «ዋን… ዋንዲሙ።»

«እስቲ በአማርኛ በለው።»

«ዋን-ዲ-ሙ። ወን…» አፉ ላይ ቀረ። በገዛ እጁ ጽፎት፣ ሦስት ቀን ሙሉ በኪሱ ይዞት ዞሯል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲያየው ስም ብቻ፣ በጆሮው ሲሰማው ወንድም ብቻ ሆኖበት፣ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

በኋላ ውድነሽ እንደነገረችኝ ባሕሩና ዌይን ከሱዳን ጀምሮ ይተዋወቃሉ። እዚህ ከመጡ ወዲህ ዌይን በለኝ ስላለው ባሕሩም እንደ ሁላችን ዌይን ይለው ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ በነበረበት ጭንቅ ግን አፉ ላይ የመጣለት የድሮው ስም ነው።

ተገኝ ግሌንዴል የዌይን አፓርትመንት ሲደርስ ሁለት ፖሊሶች አብረውት ነበሩ። አላንኳኳም። ከበሩ ውጭ ቆሞ፣ እኔ መኪና ውስጥ ደጋግሜ እንዳስጠናሁት፣ በትክክል ተጣራ።

«ወንድሙ!»

«አቤት!» አለ ሰውየው ከውስጥ።

ስንት ዓመት በዌይን የኖረ ሰው በዚያች «አቤት» ራሱን አስያዘ። እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ የሆነውን ተገኝ ነው የነገረኝ። ቴፑን ሲያሰማው እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠ።

ረቡዕ በጂፑ በረዶውን ጥሶ መጋዘን የገባው የግሪኩን አሣ የፖርቱጋል ሣጥን ውስጥ ሊገለብጥ ነበር፤ በማግስቱ የዱር ብሎ ሊሸጥ። ሀብቱ ሄዷል፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ባሕሩ ውስጥ ነው። ባሕሩ አየው። ለሬስቶራንቶቹ ሁሉ እነግራለሁ አለው።

«ገፋሁት» አለ። «ጭንቅላቱ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ደም ሳይ ፈራሁ፤ ወጥቼ ዘጋሁት።»

«የሞተ መስሎዎት?» አለው ተገኝ። እዚያም ላይ እርስዎ።

ወንድሙ ራሱን ነቀነቀ። «ያንኳኳ ነበር።»

የእስር ቤት በር ለመዝጋት እንጂ ለመክፈት አይቸኩልም። ተገኝ ሌሊቱን ሲሮጥ አደረ፤ ሰኞ ጠዋትም አንዱ ፊርማ ሌላ ፊርማ ሲጠብቅ ረፈደ። ውድነሽ በየጊዜው ትደውላለች። «ልቡ እየደከመ ነው፤ የት ደረሳችሁ?» ትላለች። «ገና ነው» እላታለሁ፤ ያንኑ የጠላሁትን ቃል።

ሀብቱ ሲወጣ ካፖርቱን እንኳ አልጠበቀም። ዘሎ መኪናዬ ውስጥ ገባ። መንገዱ ሁሉ ውኃ ሆኖ ነበር፤ በረዶው እንዳልነበረ ይፈስሳል።

«እትዬ፣ ያለውን ይድገሙልኝ።»

«ሀብቱን ጥሩልኝ ነው ያለው።»

«አንድ ጊዜ?»

«ስምህን ሁለት ጊዜ ጠራ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ አልመጣሁም» አለ።

ነጻ ነህ ብለው አወጡት እንጂ ከዚያኛው እስር ማን ያወጣዋል። ቀይ መብራት ጥሼ ነዳሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ በሩ ላይ ማንም አልቆመበትም። ተገኝ ከኋላችን መጥቶ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ውድነሽ ሀብቱን ስታይ ከአልጋው ራስጌ ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችለት። ሀብቱ ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ «መጣሁ» አለው። ደግሞም «መጣሁ እኮ» አለው። ውድነሽ ወረቀቱን ፈረመች። ነርሷ በጣም ቀስ ብላ ቱቦውን አወጣች።

ባሕሩ ራሱ ተነፈሰ። ትንሽ፣ እየራቀ እየራቀ።

ሀብቱ ብርድ ልብሱን ከግርጌ ገለጠና እግሩን ያዘ። «በረዶ ነው» አለ። «ውድነሽ፣ እግሩ በረዶ ነው፤ ካልሲ አላደረጉለትም!» እያለ በሁለት እጁ ያሸው ጀመር፤ አፉን አስጠግቶ በትንፋሹ ያሞቅለታል፣ መልሶ ያሸዋል። ሳናውቀው የባሕሩ ትንፋሽ ቆሟል። ነርሷ ሰዓቷን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ዶክተሩ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ሀብቱ ያሻል። በቃ የሚለው ሰው ጠፋ፤ ውድነሽም አልቻለችም።

ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ሌላኛውን እግር እኔ ያዝኩ።